መልስ የሌለው ቀልድ

ዘንድሮ ሰው ከመሳቁ በፊት ግራ ቀኙን ያያል። ድሮ ቀልድ ሲነገር መጀመሪያ ይሳቃል፤ «ምን አለ?» ተብሎ የሚጠየቀው ከሳቁ በኋላ ነው። አሁን መጀመሪያ የተነካው ሰው ይጣራል። ብሔሩ፣ ሃይማኖቱ፣ ጾታው፣ አካሉ፣ የተወለደበት ወረዳ ይመረመራል። ፋይሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ሳቅ ይፈቀዳል። ችግሩ ቀልድ ወረፋ መጠበቅ አለመቻሉ ነው። ማጣራቱ እስኪያልቅ ይበርዳል።

ጣጣው የሚብሰው በዓመት በዓል ነው፤ ሦስት ትውልድ አንድ ሳሎን ውስጥ ይታጎራላ። ዶሮው ተበልቶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ወሬ ሲያልቅ አንዱ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኝና «እስቲ የድሮዎቹን እንስማ» ይላል። የድሮዎቹ የሚባሉት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በካሴት፣ በቪዲዮና በእሁድ የቴሌቪዥን መዝናኛ ያሳቁን ኮሜዲያን ናቸው። ቀልዶቻቸውን የዘመኑ ሰው በቃሉ ያውቃቸዋል። ከተማ ገብቶ መስታወት ውስጥ ካለው ከራሱ ጋር ሰላምታ የሚለዋወጥ ባላገር አለ። አማርኛው የሚሰባበርበት ባለሱቅ አለ። ስለ በሬ ሲጠይቁት ስለ በሩ የሚመልስ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ አለ። ተብታባ አለ፣ ሸውራራ አለ፣ አማት አለች። ቤተሰቡ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ኮሜዲያኑ አፉን ሳይከፍት ሳቁን ይጀምራል።

በዚህን ጊዜ ሳሎኑ ለሁለት ይከፈላል። በአንድ ወገን አጎቴ አሉ። አጎቴ ጡረታ ሲወጡ ከመሥሪያ ቤታቸው ብቻ ሳይሆን ከዘመኑም አብረው የወጡ ሰው ናቸው። «ያኔ ሰው አይቀየምም ነበር» ይላሉ፤ «አሁን እኮ ሰው ሁሉ ሆዱ ባሰ። ምን ነካችሁ?» በሌላው ወገን የእህቴ ልጅ አለች። ዩኒቨርሲቲ ናት። ቪዲዮው በተከፈተ በየደቂቃው «ይሄ ልክ አይደለም» ትላለች። አንዳንዴ ሳታስበው ሳቅ ያመልጣታል፤ ወዲያው ታንቀዋለች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አካል ጉዳተኛ ላይ መሳቅ ነው» ስትላቸው፣ አጎቴ «ኧረ ልጄ፣ እኛ የሳቅነው ሸውራራው ላይ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ በዚሁ ይፋፋማል። እኔ መሀል ነኝ፤ ማለትም ሁለቱም ወገኖች ይታዘቡኛል።

በአንድ በዓል ላይ ግን ክርክሩ መንገድ ሳተ። የተከፈተው ቀልድ ከገጠር በቅርብ ስለመጣች የቤት ሠራተኛ ነበር። ስልክ ሲጮህ ትሸሻለች፣ ከአልጋ ሥር ትገባለች፣ ጋቢ ታለብሰዋለች። ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ጥግ ላይ ረከቦቱ አጠገብ የተቀመጠችው የአጎቴ ቤት ሠራተኛም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አጎቴ ይህን ማስረጃ አላለፉትም። «ይኸው! እሷም ሳቀች፤ የሚመለከታት ሳትቀየም እናንተ ምን አገባችሁ?» አሉ።

የእህቴ ልጅ ዞረችና «እውነት አልከፋሽም?» ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቷ ከሰሉን ማራገቧን ሳታቋርጥ «ስልኩንማ ማን ፈራው?» አለች። «ስልኩ ምንም አላለኝ። የፈራሁት ውስጡ ያሉትን ሰዎች ነው። ‹ማን ልበል?› ስላቸው ‹አንቺ ማን ነሽና!› ይሉኛል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ይዘጉታል። ከሁሉ ደግሞ የሚጮሁት ጋሼ ነበሩ፤ ራሳቸው ወደ ቤታቸው ደውለው ‹ይሄ የማን ቤት ነው?› ይላሉ።»

ያን ዕለት የተሳቀው ሳቅ ከቪዲዮው ሳቅ ይበልጥ ነበር። ከሁሉም በላይ የሳቁት አጎቴ ናቸው፤ እንባቸውን በመሀረብ እየጠረጉ «እውነቷን ነው፤ እላለሁ!» አሉ። እኔ ደግሞ በልቤ የያዝኩትን ያዝኩ። ያ ቀልድ ያን ሁሉ ዘመን ሲያስቀን የኖረው ግማሹ ጎድሎ ነው። ለኮሜዲያኑ ተጽፎለታል፤ ለጌቶቹ ተጽፎላቸዋል፤ ለልጅቷ ግን ከመሸሽ በቀር ምንም አልተጻፈላትም። መልሷን ስትሰጥ ነው ቀልዱ የሞላው።

የድሮ መዝናኛ በዛሬ ሚዛን መመዘን አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ሙግት እኔ የማየው በዚህ በኩል ነው። ቀልድ የሚያረጀው ዕድሜው ስለገፋ አይደለም። መልስ የሚሰጥ ሰው ያለበት ቀልድ አያረጅም።

ለዚህ ምስክሬ አለቃ ገብረ ሃና ናቸው። አለቃ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የቤተ ክህነት ሊቅ ናቸው፤ ከአቋቋሙ ሙያ ጋርም ስማቸው ይነሳል። ሕዝቡ ግን የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። ከሚነገርላቸው አንዱ መንገድ ላይ አህያ ከሚነዱ ሴቶች ጋር የተገናኙበት ነው። አለቃ ነገር ፈልገው «እንደምን ዋላችሁ የአህያ እናቶች» ይሏቸዋል። ሴቶቹም ዓይናቸውን ሳያሹ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጃችን» ብለው ያልፋሉ። ይህን ቀልድ ዛሬ በየትኛውም ሳሎን፣ በየትኛዋም የእህት ልጅ ፊት ብታወሩት የሚቀየም የለም። ሊቁ ተሳደቡ፤ አህያ ነጂዎቹ መለሱ፤ ሒሳቡ ተወራረደ። ስለ አለቃ የሚነገሩት ቀልዶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ባለቤታቸው ማዘንጊያም ብትሆን ቁጭ ብላ የምትሰደብ ሴት አይደለችም። ሕዝቡ ከቀልዶቻቸው መርጦ ያቆየው ተረተኛው ራሱ የሚሸነፍባቸውን ጭምር መሆኑ ስለ ሕዝቡ ጥሩ ይናገራል።

ሁሉንም ግን እንዲህ አላቆየንም። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለውን ተረትም ይዘን ኖረናል። ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የሰማሁት ከማን መሰላችሁ? ቤቱን፣ ባሏንና ጎረቤቱን በአንድ ዓይኗ ከምታስተዳድር አንዲት የሰፈራችን ባልቴት። እሷ ላይ ዱላ የሚያነሳ ቀርቶ ድምፁን የሚያነሳም አልነበረም። ተረቱን የምትተርተው ስለ ሌሎች ሴቶች ነው። ተረት ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው ነው፤ የሚጥመውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ አጎቴ ዋና መከራከሪያ ልምጣ። ያኔ ሰው አይቀየምም ነበር ወይ?

በጣም ይቀየም ነበር እንጂ! አዲስ አበባ ውስጥ በመጀመሪያ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የታየበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነው የጠራው። ፊልሙ ምን ይዟል ብሎ የጠየቀ የለም፤ ነውሩ ሥዕሉ መንቀሳቀሱ ነበር። የሀገራችን የመጀመሪያው ቴአትር ተብሎ የሚታወቀውን የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» አስቡት። ገጸ ባሕርያቱ አውሬዎች ናቸው። ደራሲው የሰው ስም አላነሱም። ይሁን እንጂ ቴአትሩ ታገደ። አንበሳና ቀበሮ ሲነጋገሩ ሰምቶ «እኔን ነው» ያለ ሰው ቤተ መንግሥት አካባቢ ሳይኖር አይቀርም። ከዚህ በላይ ሆደ ባሻነት ከወዴት ይመጣል? የእህቴ ልጅ እንኳ በአውሬ ተቀይማ አታውቅም።

ሴት መድረክ ላይ መውጣቷም ነውር ነበር። ስለዚህ በቴአትራችን መጀመሪያ ዘመን የሴቶቹን ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ኋላ ልጆችን ሁሉ በቴሌቪዥን ያሳደጉት አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ በወጣትነታቸው ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉር አድርገው የሴት ሚና በመጫወት የታወቁ ናቸው። አሁን ልብ በሉልኝ፦ ያኔ ነውሩ ሴት ሴትን ሆና መታየቷ ነው፤ ጨዋነቱ ደግሞ ወንድ ቀሚስ መልበሱ። ዛሬ ያንኑ ትርኢት ስልክ ላይ ብትለቁት ያኔ ተደስተው ያጨበጨቡት ሰዎች የልጅ ልጆች በየትኛው አንቀጽ እንደሚከሷችሁ አስቡት። ነውር ቦታውን ይለዋውጣል፤ ተቆጪ ግን ጠፍቶ አያውቅም።

ሳንሱርንም አንርሳ። በደርግ ዘመን ዘፈን ግጥሙ ታይቶ ሳይፈቀድ ካሴት አይሆንም ነበር። የቅድሚያ ምርመራ በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ነው። የመርማሪዎቹ ሥራ ከባድ ነበር። ግጥም ሰምና ወርቅ ባለው ሀገር ርግብ ርግብ ብቻ መሆኗን ማን ያረጋግጣል? ስለ ወንዝ የተዘፈነው ስለ ወንዝ ነው ብሎ ማን ይፈርማል? በረረች ከተባለ ማን ናት የበረረችው? ወዴት? በማን ፈቃድ? አድማጩም የዋዛ አልነበረም፤ ገጣሚው ሰም ብቻ ባስቀመጠበት ሁሉ ወርቅ ቆፍሮ ያወጣል። ያ ሁሉ ምርመራ ግን መንግሥትን ከዘፈኑ ውስጥ ለመፈለግ ነበር። በዓይነ ስውሩ፣ በሠራተኛዋ፣ በሸማኔው የሚያላግጥ መስመር ሲያገኝ ምርመራው ያለ ችግር ያሳልፈው ነበር፤ ምናልባትም መርማሪው ፈገግ ብሎ።

ስለዚህ የአጎቴን አባባል በጥቂቱ አስተካክላለሁ። ያኔም ሰው ይቀየም ነበር፤ ለመቀየም ግን ማዕረግ ያስፈልግ ነበር። ንጉሥ ይቀየማል፣ መኰንን ይቀየማል፣ ካድሬ ይቀየማል፣ አባወራ ይቀየማል። ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ሰዎች ከንፈራቸው ሲቀራረብ የሳሎኑ አባት ጉሮሮውን የሚጠርገው ለዚህ ነው። በዚያው ፊልም ውስጥ አንድ መንደር ሙሉ ሰው ሲያልቅ ግን ጉሮሮው ደህና ነበር። ሠራተኛዋ፣ ባላገሩ፣ አማርኛው የሚሰባበርበት ባለሱቅ የመቀየም ማዕረግ አልነበራቸውም። ቅሬታቸውን ይዘው ቤታቸው ይገቡ ነበር። እኛ ዝምታቸውን ሰምተን «አልተቀየሙም» ብለን መዘገብን።

ይህን ስል የእህቴ ልጅ ደስ ብሏት ታጨበጭብልኝ ይሆናል። ትንሽ ትቆይ። እሷም የምትሰማው አላት።

አንድ ቀን «ጠልፎ በኪሴ» የሚል ርዕስ ጠረጴዛዬ ላይ አይታ ደነገጠች። «ይሄ ምንድን ነው? ቀልድ ነው ይሄ?» አለች። አዎ፣ ኮሜዲ ነው፤ መንግሥቱ ለማ የጻፉት ቴአትር። ልጅቷ ብትደነግጥ አልፈርድባትም። በዛሬው ዓይን ርዕሱ ራሱ የክስ ማመልከቻ ይመስላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ለማግባት ብሎ ሴትን በኃይል የጠለፈን ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1949 ዓ.ም. ሕግ ግን ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ የጸና ጋብቻ ካገባት ከቅጣት እንዲተርፍ መንገድ ነበረው። ማለትም ወንጀሉን በሠርግ ማጠብ ይቻል ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች፤ ፍርድ ቤትም ራስን መከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ከዚያ ታሪክ ተነሥቶ የተሠራው «ድፍረት» የተባለ ፊልም በ2006 ዓ.ም. ለዓለም ሲታይ በአዳራሹ የሳቀ አልነበረም።

ታዲያ መንግሥቱ ለማ ላይ እንፍረድ? ቴአትሩን ማንበብ ይቀድማል። እሳቸው የሚያላግጡት በልማዱና ልማዱን ሙጭጭ ባሉት ሰዎች ላይ ነው። «ያላቻ ጋብቻ» በሚለው ሌላ ኮሜዲያቸውም እንዲሁ በዘርና በደረጃ በሚኮሩት ላይ ነው ያሳቁን። ሕጉ ገና ጠላፊን በሠርግ እየማረ ሳለ ጸሐፊው ጠለፋን መሳቂያ አድርገውታል። ርዕሱን ብቻ ሰምቶ የሚቆጣ ሰው የራሱን ወገን ከመድረክ ያወርዳል። ከድሮ ሥራዎች ጋር የምንጣላው ብዙ ጊዜ በርዕስ፣ በአንድ ቃልና በተቆረጠ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። 30 ሰከንድ ከተቆረጠለት ቅዱስ ሰውም ወንጀለኛ ይሆናል።

ከዚህ የበለጠ የሚያከራክር ምሳሌ ደግሞ ከባሕር ማዶ ላምጣ፤ ከእኛም ጋር ዝምድና አለው። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1939 ወጣ። የባሪያ አሳዳሪዎቹን ደቡብ በናፍቆት የሚያይ፣ ባሮቹም በባርነታቸው የተደሰቱ የሚመስሉበት ፊልም ነው። «ያኔ ሰው አይቀየምም ነበር» የሚሉ አሜሪካውያን አጎቶችም አሉ። እውነቱ ግን ጥቁር አሜሪካውያን ያኔውኑ ተቃውመዋል፤ ጋዜጦቻቸው ጽፈዋል። ፊልሙ አትላንታ ላይ ሲመረቅ ጥቁር ተዋንያኑ በክፍለ ሀገሩ የዘር መለያየት ሕግ ምክንያት አልተገኙም። የቤት አገልጋይዋን ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1940 ኦስካር የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆነች፤ ሽልማቱን ልትቀበል ስትሄድም የተቀመጠችው ከፊልሙ ባልደረቦች ተለይታ በሌላ ጠረጴዛ ነው። ቅሬታውም ባለቅሬታዋም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። የራቀው ጠረጴዛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኤችቢኦ ማክስ ፊልሙን ከዝርዝሩ አነሣው። የእህቴ ልጅ በዚያን ጊዜ ብትጠየቅ «ይነሣ» ባይ ነበረች። እኔ ግን ነቢይ መኮንን ትዝ ይለኛል። ነቢይ በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ ፊልሙ የተሠራበትን የማርጋሬት ሚቸልን መጽሐፍ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ መለሰው፤ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ነገ ሌላ ቀን ስለመሆኑ ምንም ዋስትና በሌለበት ክፍል ውስጥ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ለሃቲ ማክዳንኤል ወገኖች ስድብ የነበረው መጽሐፍ ለአዲስ አበባ እስረኛ ስንቅ ሆነ። የትኛው ነው ትክክለኛው? ሁለቱም። ባሪያ አሳዳሪን የሚያቆላምጠው መጽሐፍ ስለ ረሀብና ስለ ሽንፈት፣ ወድቆም ስለመነሣት የሚያውቀው ነገር አለ፤ ያንን የሲጋራ ወረቀቱ አንባቢ አገኘው። ስድቡም ግን ስድብ ነው፤ የእኛ እስረኛ ስለተጽናናበት አይሰረይም።

ፊልሙ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ፤ ሲመለስ ግን ከፊቱ ታሪኩንና ጉድፉን የሚያብራራ መግቢያ ተጨምሮበት ነው። ይህ ፍርድ ደስ ይለኛል። ከፊልሙ አንዲት ክር አልተቆረጠም፤ የተጨመረው መልስ ነው። ያቺ በሩቅ ጠረጴዛ የተቀመጠች ሴት ወገን ከ80 ዓመት በኋላ ቅድሚያ ተናገረ፤ ከዚያ ፊልሙ ቀጠለ።

«ዘመኑ ነው፤ ያኔ ማንም አያውቅም ነበር» የሚባለውም አያስኬድም። በየዘመኑ የሚያውቅ ሰው ነበረ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሣ ዳምጤ የሚባል ሰው አለ። የሚናገረው ዛሬ በየስብሰባው ብትናገሩት የሚያስጨበጭብ ነው፤ ዘር እየቆጠሩ ሰውን መናቅ ከንቱ ነው ይላል። የአካባቢው ሰው ይህን ሰምቶ ምን አለው? «ጉዱ ካሣ» አለው። በየመንደሩ አንድ ጉዱ ካሣ ነበረ፤ ጥፋቱ ቀድሞ መወለዱ ብቻ ነው።

ልቦለድ ነው ካላችሁ አዋጅ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲታቀብ አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሸምነው በሙያው መሰደቡ ይቅር ተባለ፤ እንግዲህ የሚሳደብ ንጉሡን እንደሰደበ ይቆጠራል ተባለ። ይህ አዋጅ ይገርመኛል። ንጉሡ ለመቀየም ማዕረግ ለሌለው ሰው የራሳቸውን ማዕረግ አዋሱት። ሸማኔው መልስ መስጠት ስለማይችል እኔ እመልሳለሁ አሉ። አዋጁ ግን በቀልድ በኩል የሚያልፍ በር ረስቷል መሰለኝ፤ በቁም ነገር መስደብ ሲከለከል ስድቡ በጨዋታ መልክ ተመልሶ ገባ፤ እኛም እስከ ካሴት ዘመን ድረስ በሸማኔና በቡዳ ስንስቅ ኖርን። የታወጀ ሁሉ አይሰማም፤ በተለይ እየሳቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለተቆጪዎቹ ወገን። ዘንድሮ ውክልና ሳይሰጠው የሚከስ በዝቷል። በዓይነ ስውሩ ስም የሚቆጣው ዓይነ ስውር ጓደኛ የለውም። በገጠሬው ስም የሚያለቅሰው ገጠር የሄደው ለሠርግ ነው፤ እሱም ቢሆን በዚያው ቀን ተመልሷል። እነዚህ ሰዎች የተበደለውን ሰው ዝም አሰኝተው እነሱ ይናገሩለታል። የአጎቴ ትውልድ ሠራተኛዋን ሳትመልስ ሳቀባት፤ ይህኛው ትውልድ ደግሞ ሳትመልስ አዘነላት። ለእሷ ልዩነቱ ምንድን ነው? በሁለቱም ጊዜ ቡና እያፈላች ነበር። የእህቴን ልጅ ከእነዚህ የሚለያት አንድ ነገር ነው፤ እሷ ዞር ብላ ጠየቀች።

ደግሞስ እኛ ማን ሆነን ነው ፈራጅ የምንቀመጠው? ስልካችሁን አውጡና ትናንት የሳቃችሁበትን እዩት። ጎዳና ላይ የተቀመጠን ምስኪን በውሸት ብር አስጎምጅቶ መልሶ የሚነጥቅ «ፕራንክ» አለ። የሽማግሌ ጆሮ ሥር ርችት የሚያፈነዳ አለ። የወፈረችውን፣ የከሳውን፣ መላጣውን ቀርጾ የሚለቅ አለ። ዓረብ ሀገር ያለች እህቱን አነጋገር እየኮረጀ ተመልካች የሚሰበስብ አለ። ብሔር መጥራት ሲከለከል ደግሞ በየጊዜው አዲስ የሽፋን ስም እየወጣ ስድቡ ስሙን ቀይሮ ይቀጥላል። የድሮ ሰዎች ቢያንስ አንድ ዕድል ነበራቸው፤ ነውራቸውን ቴፕ ይበላላቸው ነበር። በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንን ያዳንናቸው ካሴቶች ሳይቀሩ በመጨረሻ ድምፃቸው እየተንቃጨለ ሞተዋል። የእኛን ማን ይበላልናል? የልጅ ልጆቻችን በአንድ የበዓል ቀን፣ ሆዳቸው ጠግቦ፣ የዛሬውን ሁሉ ጥርት ብሎ ያዩታል። ያን ጊዜ ሶፋው ላይ «ያኔ ሰው አይቀየምም ነበር» እያልን የምንከራከረው እኛ ነን።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ አጭር ነው። የድሮውን አትቁረጡት፣ አትደልዙት፣ ልጆችንም ከክፍሉ አታስወጡ። አብራችሁ እዩት፤ የሚያስቀው ላይ ሳቁ፤ ማፈሪያው ላይ ቪዲዮውን አቁሙና ምን እንደጎደለው ንገሯቸው። የድሮውን ቀልድ የሠሩትም የተቀለደባቸውም ብዙዎቹ አልፈዋል፤ ለእነሱ ከዚህ የበለጠ ማድረግ አንችልም። ዛሬ የምንቀልድባቸው ሰዎች ግን በሕይወት አሉ፤ ጎረቤት ናቸው፤ ስልክም አላቸው። ከመልቀቃችሁ በፊት አሳዩዋቸውና የሚመልሱትን ስሙ። መልሳቸው ከእናንተ ቀልድ የተሻለ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ይሆናል፣ የእናንተን ተዉትና የእነሱን ልቀቁ።